ከዓይን ፊት ያለው ቀዳዳ

ንግግሩን የሰማሁት ከጭቃ ግድግዳ ማዶ ሆኜ ነው። በንጉሡ ዘመን ስለሆነ ማን እንደጀመረው እንኳ ረስቻለሁ። ከጆሮዬ ያልወጣው፣ እትዬ ብርነሽ በአሮጌው ራስ ቅል ላይ ስላለው ቀዳዳ ከዓምሃ ጋር ሲከራከሩ የሰማሁት ድምፃቸው ነው፦

«የጦር ቀዳዳ ነው ስልህ።»

«ጦር አይደለም እትዬ፤ አውሬው ሲፈጠርም ነበረው። በግራም በቀኝም አለ።»

«ታዲያ በዚህ ገብቶ በዚያ ወጥቶ ነዋ።»

«ባሕር ማዶ በተገኙት ራስ ቅሎችም ላይ አለ።»

«እንግዲያው ቅዱስ ጊዮርጊስ የገደለው አንድ ብቻ አይደለማ።»

ያኔ ቁስቋም ሥር ከእሳቸው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሟቹ ባላቸው ለሜሳ በቅሎ ነጂ ነበሩ። ከዓባይ በረሃ ያመጡትን፣ ድንጋይ የሆነ ግማሽ ራስ ቅል፣ ቤተሰቡ የዘንዶው ነው ብሎ አኑሮታል። ልጃቸውን ባዩሽን ሐኪሞቹ «ከዚህ በላይ አንችልም» ብለው ከመለሷት ወዲህ፣ እትዬ በየማለዳው ውኃ በቀዳዳው ወደ ጣሳ እያሳለፉ ያጠጧታል።

ዓምሃ የኮሌጅ መምህር ነው። የዚያኑ ራስ ቅል የኋላ ግማሽ እዚያው በረሃ አገኘ፤ የፊቱን በቅሎ ነጂ እንደወሰደው ሲነግሩት፣ ሲያጠያይቅ እኛ ዘንድ ደረሰ። ግዙፎቹ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ብዙ ነገድ ናቸው ይለን ነበር፤ የሚለዩትም በቀዳዳው ዙሪያ ባለው አጥንት ነው። ከትልቁ ቀዳዳ ፊት ያለችው ትንሿ ጉድጓድ ክፍት ከሆነች አንድ ነገድ፣ በስስ አጥንት ከተጋረደች ሌላ።

አንድ ጠዋት ከጣሳው ሥር ፍርፋሪ አገኘ። ስሷ አጥንት በውኃው እየተላጠች ነበር። ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ሥዬው እስክጨርስ ደርቆ ይቆይልኝ። ጠርዟ ከጠፋች የማን ወገን እንደሆነ መቼም አይታወቅም። ሌላ የለኝም።»

«እኔስ ሌላ ባዩሽ አለችኝ?»

 ልጅቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፤ መዋጥም ከብዷታል። በሩ ላይ ቆሜ ልጸልይ አልኩና ለማን ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ።

እትዬ ጣሳውን መሬት አኖሩ።

«በቃ» አሉ። «እኔ ከአጠገቧ አልነሣም። አንተ ከእንጦጦ ማርያም ጠበል ታመጣላታለህ። በየማለዳው፣ በባዶ እግርህ፣ እህል ሳትቀምስ። ከቀረህ ግን በዚያው ቀን ውኃውን አጥንቱ ላይ አፈስበታለሁ።»

«እኔ እኮ... ማለቴ፣ በጠበል አላምንም።»

«እኔስ በነገድህ አምኛለሁ?»

ዓምሃ ፍርፋሪውን ከወለሉ መልቀም ጀመረ።

«ደግሞ ሥዕልህ ሲያልቅ አይደለም የምትተወው። እሷ ስትነሣ ነው።»

ዓምሃ የልጅቱን ጀርባ አየ። ትንፋሿ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይመለሳል።

«እሺ» አለ። «እስክትነሣ።»