ከመድኃኒቱ በኋላ

ቁጥሩ ከፍ እንዳይል ያደረገው ዕጢው ነው ወይስ የእኛ መርፌ? እስካሁን አላወቅሁም።

ማሜ ቦአቴማ በጋና፣ በንቶንሶ መንደር፣ ጨርቅ ቀለም ውስጥ እየነከሩ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ለግራ ጡታቸው ካንሰር ሦስት ወር ኬሞ ወሰዱ። ኬሞው ከሠራ ዕጢው ይላላል፣ በውስጡ ያለው ውሃ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፣ በኤምአርአይ የምንለካው ቁጥርም ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ጡቱ ተርፎ ዕጢው ብቻ ይወጣል። ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ትዌኔቦዋ "ኬሞው አልያዘም፤ ሐሙስ ጡቱ በሙሉ ይቆረጥ" የሚለውን ፈረሙ።

ማክሰኞ ምስሎቹን በተነሡበት ሰዓት ስደረድር ስሕተቱን አየሁ። ከኬሞው በፊት በነበረው ምርመራ ቁጥሩ የተለካው ዕጢውን በምስሉ ላይ አጉልቶ የሚያሳየው ፈሳሽ በመርፌ ከመወጋቱ በፊት ነው፤ ከኬሞው ወዲህ ባለው በሁለተኛው ግን ከተወጋ በኋላ። ፈሳሹ ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ያደርጋል ብዬ አልምልም፤ በተማርሁበት አገርም ሲከራከሩበት ነው ትቻቸው የመጣሁት።

የማሽኑን ባለሙያ ኤቦን ያዝሁት።

"ማነው ቅደም ተከተሉን ገልብጥ ያለህ?"

"አንተው ነሃ፣ የባሕር ማዶው!" ማዘዣውን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው።

የእጄ ጽሑፍ ነው፦ "ልኬቱ ከአዱሮ በኋላ።" ቋንቋችንን አልረሳሁም ለማለት ያህል በትዊ ጽፌዋለሁ። አዱሮ መድኃኒት ነው። ኬሞውን ማለቴ ነበር።

"እዚህ ክፍል አዱሮ የምንለው መርፌውን ነው" አለ ኤቦ። "አሥር ዓመት ጠፍተህ መጥተህ ትዊ ልታስተምረን?"

ዶክተር ትዌኔቦዋ ስክሪኑ ፊት የበቆሎ ኬንኬ በተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ነበር። ሰምተውኝ ጣታቸውን ላሱና በዚያው ጣት ዕጢውን ነካ አደረጉ።

"ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ልጄ። ደግመን አንስተን ተሳስተን ነበር ልንል ነው?"

"አዎ።"

"ሂድ ውሃ ጠጣ፤ ፊትህ ገርጥቷል።"

ቅባቱ ከጡቱ ምስል ላይ አልጠፋም። ያስጠላኝ ግን ዓሣው ብቻ አይደለም፤ ያ ጥንቅቅ ያለ የራሴ የእጅ ጽሑፍም ጭምር ነው።

ለማሜ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ።

"ቀለም ውስጥ ነክራችሁ ነው የለካችሁኝ? እኛም ቀለሙን አዱሮ ነው የምንለው። ግን ጨርቅ የሚለካው ሳይነከር ነው፤ ይሸበሸባላ! ይሄን የእኔ ትንሿ ልጅ ታውቃለች።" ከዚያ እጃቸው ወደ ጡታቸው ሄደ። "ታዲያ ይተርፍልኛል?"

"አላውቅም፣ ማሜ።"

"አለማወቅህን ለሚቆርጡት ንገራቸው።"

ረቡዕ ጧት የቀዶ ሐኪሟን የዶክተር አንሳን በር አንኳኳሁ፤ የለችም። ስልኳ አይነሳም። እንዲህ ብዬ ጻፍሁላት፦ "ዶክተር አንሳ፣ የማሜ ቦአቴማ ሁለተኛ ልኬት የተወሰደው ከመርፌው በኋላ ነው፤ ስሕተቱ የእኔ ነው። ያለ መርፌ እንደገና መለካት ሃያ ደቂቃ ነው። እባክሽ የሐሙሱን ቀዶ ሕክምና አዘግዪው።"

ሐሙስ ጧት ማሜን በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ይዘዋቸው ሄዱ። መልእክቱ መነበቡን ስልኬ ያሳያል። መልስ ግን የለውም።