ስድስተኛው ብረት

የየካ ላይ ሰፈር መረዳጃ እድር አባላት በሙሉ፣ ወንድ ሴት፣ ሽማግሌ ወጣት ሳይባል፣ ይህንን ታላቅና አሳሳቢ ጉዳይ በጥሞና ይስሙ፦ በአዲሱ የለቅሶ ድንኳን አንዳንድ መጋጠሚያዎች ላይ አንድ አንድ ብረት ጎድሎ ተገኝቷል። ጥሩምባ ነፊው ዘነበ ይህን ያወጀው ለሞተ ሰው በሚለፍፍበት ዜማ ስለነበር፣ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤት ወጥተው ነበር።

ድንኳኑ የሕሩይ ሥራ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ሸራውን ለቀስተኛው ላይ እየደፋ ሲያስቸግር፣ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምረው ዶክተር ሕሩይ «አዲስ ድንኳን እኔ ልንደፍላችሁ» አለ። የተመራመረው ባለ ብዙ ገጽ ቅርጾች ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ የኖረ ነገር አንድ ቀን ቆሞ ሰው ቢያስጠልል ደስ ይለዋል። ቱቦላሬ የሚባለውን ክፍት ብረት በሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን አያይዞ እንደ ተደፋ ድስት ጉብ ያለ ነገር አወጣ። በያጁ ነገሳ በየደው። ቆመ። ነፋሱም በጎን ዞሮ አለፈ።

ነገር የመጣው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጻድቅ ቀና ብለው ያዩ ዕለት ነው። ጡረታ እስኪወጡ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ሰው ሲስቅላቸው እንኳ የጎደለ ጥርስ ይፈልጋሉ። አብዛኛው መጋጠሚያ ላይ ስድስት ብረት ይገናኛል። አንዳንዱ ላይ ግን አምስት።

«ስድስተኛው የት ሄደ?» አሉ ስብሰባው ላይ።

«የትም አልሄደም ጋሼ፤ ከመጀመሪያውም የለም» አለ ሕሩይ። «ሁሉንም ቦታ ስድስት ስድስት ካደረግነው እንደ ሰሌን ተዘርግቶ ይቀራል እንጂ አይጎብጥም። የሚያጎብጠው አምስቱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ይሥራው፣ የሆነ ቦታ ላይ ያነሰ የያዘ መጋጠሚያ ይኖራል። ግድ ነው።»

«እንዳንተ ዘመድ ያነሰው ማለት ነዋ» አለች የወጥ ቤት ኃላፊዋ በለጡ። ሰዉ ሳቀ።

ሕሩይ ኳስ አመጣ። ጥቁሮቹ ቁራጮች አምስት ጎን፣ ነጮቹ ስድስት ጎን እንዳላቸው እያዞረ አሳያቸው። ጋሽ ተክለጻድቅ መነጽራቸውን አድርገው ኳሱን አገላበጡት።

«ፋብሪካ ውስጥም ሌባ አለ» አሉ።

ተወሰነ። ብረቱን መልሶ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ሕሩይ ከነቤተሰቡ ከእድሩ ታገደ። ቤተሰቡ ማለት እናቱ ናቸው። እማማ ደብሪቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ከርመዋል፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ አታመላልሳቸው ብሎታል። ሞትን አይፈሩም። የሚፈሩት የሚሸከማቸው ጠፍቶ፣ ልጃቸው ከሾላ ገበያ ኩሊ ተከራይቶ እንዳያስቀብራቸው ነው።

ውሳኔውን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ወስደህ እንደሆነ መልስላቸው፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ የወሰድኩት የለም። ብረቱ ኖሮም አያውቅም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። እኔ ከማንም ቤት ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም። እኔን ማን ነው የሚቀብረኝ?»

ሕሩይ ስለ አምስቱና ስለ ስድስቱ የሚያስረዳበት ብዙ መንገድ ያውቃል። አንዱንም ሳያነሳ በኪሱ ያለውን ብር ቆጠረ።

በማግስቱ መገናኛ ወርዶ ቱቦላሬ ገዛ፤ በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ሰፈሩ በየበሩ ቆሞ አየው። ብረቱን ጋሽ ተክለጻድቅ እግር ሥር አስቀምጦ «ወስጄ ነበር፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ግንባሩን ሳሙት። በለጡ «ኧረ ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አለች። ዘነበ ይቅርታውንም በዚያችው ዜማ ለፈፈው።

ከዚያማ ብረቶቹ ካልገቡ ተባለ። ነገሳ ቦታ የላቸውም ቢል የሰማው የለም፤ ጎትቶ፣ አጣሞ፣ በመዶሻ እየደበደበ በየዳቸው። ድንኳኑ አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰረጎደ፣ ሌላው ጎኑ ከመሬት ተነሳ። ጋሽ ተክለጻድቅ ግን እየተዘዋወሩ ቆጥረው «አሁን ሙሉ ነው» አሉ።

እማማ ደብሪቱ በዚያው ሳምንት አረፉ። ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ፤ ሬሳውን ለመሸከም ወንዱ ተሻማ። ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ጠማማው ድንኳን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ካልደፋ አይቀመጥም። ከኋላ አንዷ ለጎረቤቷ «ብረት የሰረቀው ልጃቸው ያውልሽ፤ እኛ ግን ቂም አልያዝንም፣ እንዴት አድርገን ቀበርናቸው» ስትል ሕሩይ ሰማ።

ነገሳ መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ንፍሮውን ተቀብሎ መዳፉ ላይ ያዘ።

«ዶክተር፣ ሁሉንም በእጄ ነው የበየድኩት። አንድም የጎደለ አልነበረም።»

ሕሩይ ወደ ንፍሮው እያመለከተ «ብላ» አለው።

«ታዲያ ለምን ወሰድኩ አሉ? አብሮ በልቷል እየተባልኩ ነው እኮ እኔም። ለነሱ ይቅር፣ ለኔ እንኳ ያስረዱኝ።»

«አላስረዳም» አለ ሕሩይ። «እናቴን ቀብረውልኛል።»