የቀረው ቅርንጫፍ

ፈልጋ አጣችው። ጥንቅቄ ፊደሉን እየቀያየረች ደግማ ፈለገች፤ ደግማ አጣችው። «የሕፃን ክብደት» የሚል መስመር በአዲሱ የኮድ ማኅደር ውስጥ የለም። ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ዞራ ያንኑ ስትጽፍ ግን ወዲያው ብቅ አለ። እጇ ቁልፎቹ ላይ ደርቆ ቀረ።

የወጣላት ስም ሌላ ነው፤ ሥራዋን ሳታጣራ ስለማትለቅ ባልደረቦቿ ጥንቅቄ አሏት፣ በዚያው ቀረ። የተቀጠረችበት ትንሽ ድርጅት በሆስፒታል መድኃኒት በደም ሥር ለሚያንጠባጥቡ ማሽኖች ፕሮግራም ይሠራል። የኮዱ ታሪክ፣ ማለትም ማን የትኛውን መስመር መቼና ለምን እንደለወጠ፣ ለዓመታት የተቀመጠው እያቃሰተ በሚሠራ አሮጌ ሰርቨር ላይ ነበር። ያንን ታሪክ አንዳች ሳይጎድል ወደ አዲስ ሥርዓት ማዛወር የእሷ ድርሻ ሆነ። ጨረሰች፤ ተጨበጨበላትም። ከአዲሱ ሥርዓት የወጣው የመጀመሪያው ፕሮግራም ዛሬ ጠዋት ሕፃናት ክፍል ባሉት ማሽኖች ላይ ተጭኗል።

ያለዚያ መስመር።

ስልኳን አንሥታ መስመሩን ወደጻፉት፣ ጡረታ ወደወጡት ሽማግሌ ደወለች።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ከልጁ ክብደት በላይ መድኃኒት እንዳይሰጥ የሚከለክለውን የት ነው ያስቀመጡት?»

«ኧረ መጀመሪያ እንዴት ዋሉ በይኝ!»

«ይቅርታ ጋሼ፤ እንዴት ዋሉ? የት ነው?»

ሳቁ። «ከዋናው የኮድ ግንድ ጋር አላቀላቀልኩትም፤ ለብቻው የሚሄድ ቅጂ፣ ቅርንጫፍ አወጣሁለት። የሕፃናቱን ማሽን ሁልጊዜ ከእሱ ነበር የምናወጣው።»

«ቅርንጫፎች የሚለው ፎልደር ውስጥ የለም እኮ።»

«እዚያማ አላስቀመጥኩትም። ጎረምሶቹ እንዳይነካኩብኝ ብዬ በራሴ ስም ፎልደር...» ንግግራቸውን አቋረጡ። «ምነው ልጄ? ምን ተፈጠረ?»

የማዛወሪያው ፕሮግራም ቅርንጫፎችን የሚለቅመው ከተነገረው ፎልደር ብቻ ነው። የነገረችው ደግሞ እሷ ናት። የሽማግሌውን ፎልደር የግል ጓዝ መስሏት አልፋው ሄዳለች።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ የሆነውን ነገረችው። ሰውየው ሰምቷት ሲጨርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አየሁት።»

«ቆይ፣ ቆይ። መጠኑን የሚያስገቡት እኮ ነርሶቹ ናቸው። እነሱ ካልተሳሳቱ ምንም አይፈጠርም።»

«ከተሳሳቱስ? ማሽኑ እንደሚከለክላቸው ነው የሚያውቁት። አንዲት ዜሮ ብትጨመር ዝም ብሎ ይሰጣል።»

«ታዲያ ቶሎ አስተካክለን በጸጥታ እንላክላቸው። ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እስከዚያ ድረስስ?»

መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ከደወልን አበቃልን» አለ፣ ጠረጴዛውን የሚያናግር ይመስል። «የስንት ሰው ጉሮሮ ነው የሚዘጋው!»

ከፊቱ ያለውን ስልክ አነሣች። አልከለከላትም።

ስልኩ ጠራ። ጠራ። የሚያነሣው ጠፋ። በፕላስተር የተያዘች ጣት የምታህል ክንድ ዓይኗ ላይ ድቅን አለች።

«ሕፃናት ክፍል።»

«ሲስተር፣ የማሽኑን ፕሮግራም ከሚሠራው ድርጅት ነው። ማንጠባጠቢያዎቹን አሁኑኑ አቁሟቸው። ጠዋት የጫንነው ስህተት አለበት፤ መጠኑ ቢበዛም አይከለክልም።»

«ምን? የተሰካላቸው ልጆች እኮ አሉ!»

«ሁሉንም እይልኝ። ጠብታውን በእጅ ቁጠሩት። እባክሽ!»

ስልኩ ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ተጣለ። የሚሮጥ ጫማ፣ ሲጢጥ የሚል የአልጋ ጎማ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማል። ጥንቅቄ ለቅሶው ላይ ሙጭጭ አለች፤ የሚያለቅስ ልጅ በሕይወት አለ። ለቅሶው ድንገት ቆመ።

«ምን አለችሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዝም በል!» አለችው። አለቃዋን አንተ ብላ አታውቅም።

ነርሷ እያለከለከች ተመለሰች። «አቁመናል። አንዱ ልጅ ላይ መጠኑ በዝቶ ገብቶ ነበር። ብዙም ሳይሄድ ደርሰንበታል፤ ሐኪሙ እያየው ነው።»

«ይተርፋል?»

«እንጃ፣ እህቴ። እደውልልሻለሁ።»

ሁለቱም ስልኩ ላይ አፍጥጠው ተቀመጡ። የእጅ ስልኳ ሲጮህ ጥንቅቄ ከወንበሯ ዘለለች። ባሏ ነው። «የጓዳውን ቁልፍ አይተሽልኛል?» አለ ምንም በማያውቅ ድምፅ። «ሱሪህ ኪስ ውስጥ እየው» ብላ ዘጋችበት። የሥራ አስኪያጁ ከንፈር ሳቅ ቢጤ ቃጣው፣ ግን አልወጣለትም።

ነርሷ የደወለችው ፀሐይዋ ከመስኮቱ ከዞረች በኋላ ነው። «ልጁ ደህና ነው። ነቅቶ ውኃ ጠየቀ፤ ከሰጠነውም በኋላ ጨምሩልኝ እያለ ነው።» ጥንቅቄ ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪያልቅ አለቀሰች። ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲዞር ግን ሌላ ሐሳብ ይዞ ነው።

«አሮጌው ሰርቨር አልተነካም አይደል? እንግዲያው ማዛወሩን ከሥሩ ድገሚው። ቅርንጫፉን ጨምረሽ። የጠዋቱ መዝገብ ጠፍቶ እንዳልነበረ ይሆናል።»

«ሆስፒታሉስ?»

«በስልክ ያልሽው በድንጋጤ ነው፤ የማሽን ብልሽት ነበር እንላለን። መርማሪ ቢመጣ ንጹሕ ታሪክ ያያል። ለኔ ብቻ ብዬ አይደለም፤ አንቺም ልጅ አለሽ።»

እውነቱን ነው፤ ልጅ አላት። ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ትእዛዙን ጻፈችው። አንድ ቁልፍ ብቻ ቀርቷታል። ከዚያ በኋላ የዛሬውን ጠዋት የሚያውቅ ታሪክ አይኖርም። ፍርድ ቤት ታያት፣ የልጇ ደብተርና ጫማ ታያት። ልጁ እስኪነቃ የፈራችው ፍርሃት መልሶ መጣ፤ አሁን ግን ለራሷ ነበር፣ ስለዚህም አሳፈራት።

የጻፈችውን ፊደል በፊደል አጠፋችው። የጠዋቱን ታሪክ ሳትነካ የቀረውን ቅርንጫፍ አምጥታ ከበላዩ አስቀመጠች። ሥርዓቱ ማስታወሻ ሲጠይቃት እንዲህ አለች፦ «የክብደት መከለያው ሲዛወር ቀርቶ ነበር። ያለ እሱ የወጣው ፕሮግራም ሕፃናት ክፍል ተጭኖ አንድ ልጅ ላይ አደጋ ሊያደርስ ነበር። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

አንዱን ቃል ተሳስታዋለች። አረመችውና ወደ ሥርዓቱ መዝገብ ላከችው።