ዝም የሚል ይሰናበት

ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ምን ያስፈልጋል ቢባል፣ በዚያ ክፍል ውስጥ መልሱ ክራባት ነበር። የሥራ አመራር መግቢያ የሚያስተምረው መምህር ተማሪዎቹን በአምስት ቡድን ከፍሎ፣ "እያንዳንዱ ቡድን አንድ ድርጅት ነው፤ ሥራ አስኪያጁን ራሳችሁ ምረጡ" ባለ ጊዜ፣ መርፌ የምትባለው ልጅ ያለችበት ቡድን ግራ ቀኙን ቃኘና ክራባት ያሰረውን ልጅ መረጠ። ክራባት ያሰረው የአክስቷ ልጅ ነበር። ክራባቱ የአባቱ መሆኑን፣ ጠዋት መስተዋት ፊት አቁማ ያሰረችለትም እሷ መሆኗን ከመርፌ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ "ዋናው" ሆኖ ቀረ።

መርፌ የሚለውን ቅጽል ያወጡላት አክስቷ ናቸው፤ ገና ሕፃን ሳለች፣ ቀጭን ስለነበረችና ምላሷ ስለሚወጋ። ኮሌጅ ስትገባ "አልጋ አለ፣ እኔ ዘንድ ትሁን" ብለው የወሰዷትም እሳቸው ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በሰው ቤት የሚኖር ሰው ምላሱን ደጅ ጥሎ ነው የሚገባው። መርፌም ውጭ ትወጋለች እንጂ አክስቷ ቤት ውስጥ ሰሃን አጥባ፣ እሺ ብላ የምታድር ልጅ ነበረች።

ባለፈው መንፈቅ ታማ ሁለት ፈተና አበላሽታለች። ጽሕፈት ቤት ጠርተው፣ "የሥራ አመራር መግቢያን በጥሩ ውጤት ካላለፍሽ ስንብት ነው" ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ስንብት ማለት ሻንጣ አንጠልጥሎ ወደ አባት ቤት መመለስ ነው። እዚያ ደግሞ "ኮሌጅ የገባች ልጄ" እያለ ሰፈሩን ያሰለቸ አባት አለ።

የተሰጣቸው ሥራ የተሰባበሩ ወንበሮች መጠገን ነበር። ለየቡድኑ አንድ አንድ የመማሪያ ክፍል ታደለ፤ አቅዱ፣ አደራጁ፣ ምሩ፣ ተቆጣጠሩ ተባለ። ዋናው አቀደ። ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ሠርቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሲያየው አላማረውምና የሠንጠረዡን ማሻሻያ አቀደ። ወንበሮቹ ሠንጠረዥ ስለማያነቡ እንደተሰበሩ ቀሩ። በመጨረሻ መርፌ አንጀቷ ሲያር ጊዜ ወደ ኮሌጁ አናጢ ሄዳ ካቻቢቴ፣ ኮላና ያገለገሉ ብሎኖች ለምና አመጣች። ርግቢት ከምትባል፣ ስትናገር እንኳ ከንፈሯ ብቻ ከሚንቀሳቀስ ልጅ ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታጠብቅ፣ ታጣብቅ ጀመር። መዳፏ ውኃ ቋጠረ። ሌሎቹም፣ ረጅሙ ልጅና ባለ መነጽሯ፣ አፍረው መጡና አገዙ። ዋናው በየመካከሉ ብቅ እያለ፣ "እንዴት ነው፣ በዕቅዱ መሠረት ነው?" ይላል። በዕቅዱ መሠረት ነበር፤ ዕቅዱን ሥራው ካለቀ በኋላ አስተካክሎታልና።

ወንበሮቹ ሁሉ በአራት እግራቸው ከቆሙ በኋላ ነው መምህሩ ጉዱን ያወጣው። ፊቱ "እርስዎ" ይሉታል፣ ዞር ሲል ግን "እሱ" ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ ፈገግታው የማይነጥፍ፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ያለ ሰው።

"ሥራ መምራት ማለት ከባድ ውሳኔ መወሰን ማለት ነው" አለ እጁን እያፋተገ። "ስለዚህ እያንዳንዱ ሥራ አስኪያጅ ከቡድኑ አንድ ሰው ያሰናብታል። የተሰናበተው የዚህ ሥራ ነጥቡ በግማሽ ይቆረጣል። ማሰናበት ያልቻለ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የራሱን ነጥብ ያጣል። ምክንያታችሁን ጽፋችሁ እዚህ ታነባላችሁ።"

"መምህር፣ ሁሉም በደንብ ሠርቶ ከሆነስ?" ብሎ የጠየቀ አንድ ተማሪ ነበር።

"ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ" አለ መምህሩ።

እስቲ ፍርዱን ተመልከቱ! ሰው ወንበር ጠግኖ ሲያበቃ አንዱ ወንጀለኛ ይሁን ይባላል፤ ጥፋቱ ደግሞ በኋላ ይፈለግለታል።

በማግሥቱ ዋናው ክራባቱን ነካክቶ ቆመና አነበበ። "ከድርጅታችን የምትሰናበተው ሠራተኛ የዕዝ ሰንሰለትን ጥሳለች። ሥራ አስኪያጁን ሳታስፈቅድ ከአናጢ ጋር በቀጥታ ተገናኝታ ዕቃ አምጥታለች።" ከዚያ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ በእጁ ወደ መርፌ አመለከተ። መምህሩ "ግሩም፣ ግልጽ ምክንያት" ብሎ ምልክት አደረገ። መርፌ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ የሚወርድበት ጊዜ ራሱ አሳፋሪ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ቀደመችውና ፊቱ ቆመች።

"እኔን? ከሰው ሁሉ እኔን?"

"አትጩሂ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ! ጽሕፈት ቤት ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ። አብረኸኝ አልነበርክም እንዴ?"

"ታዲያ ማንን ላሰናብት?" አለ ዋናው፣ ተበዳዩ እሱ ይመስል። "ረጅሙን? ኳስ አብረን ነው የምንጫወተው፤ ይጣላኛል። ባለ መነጽሯን? እናቷ እዚሁ ኮሌጅ ነው የምትሠራው። ርግቢትን ባሰናብት አንቺው ነሽ ጉሮሮዬን የምትይዢው። አንቺ ግን ቤተሰብ ነሽ። ትረጂኛለሽ ብዬ ነው።"

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ለባዳው ይሉኝታ አለው፣ ለዘመዱ ቢላ አለው። መርፌ ደሟ ፈላ፤ መንገዱን ግን ለቀቀችለት። ምክንያቱም ያለው ልክ ነበር። እሷ በእርግጥ ትረዳለች ተብላ የምትታሰብ ሰው ሆና ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰሃን ስታጥብ ይህንኑ ስታስተምረው ኖራለች።

ማታ ራት ላይ አክስቷ ሁለቱን ተራ በተራ አዩና ነገሩን አውጣጧቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ልጃቸውን "አንተም አበዛኸው" አሉት፤ ቀጥለው ግን ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጄ፣ ለወንድምሽ ብለሽ ዋጥ አድርጊው። ነገ እሱ ትልቅ ሰው ሲሆን አንቺን ነው የሚቀጥረው።"

"እትዬ፣ አሰናብቶኝ ሲያበቃ ነው የሚቀጥረኝ?"

አክስቷ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። "እንግዲህ ቤቴ ውስጥ እህትና ወንድም ሲናቆሩ ማየት አልፈልግም።"

ቤቴ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ቃሏ ግን የመርፌን አፍ ዘጋችው። ተነስታ ሰሃኖቹን ሰበሰበች።

መምህሩ ቢሮ ሄዳ አቤት አለች። ወንበር አቀረበላት፣ ፈገግ አለላት፣ ሰማት።

"ቅሬታሽ ትክክል ሊሆን ይችላል" አለ። "ግን በዕዝ ሰንሰለቱ ነው መምጣት ያለበት። መጀመሪያ ለሥራ አስኪያጅሽ አቅርቢ፤ እሱ ካመነበት ለእኔ ያስተላልፈዋል።"

"ያሰናበተኝ እኮ እሱ ነው።"

"አየሽ፣ አሁንም እሱን ዘለሽ ነው የመጣሽው።"

ከቢሮው ስትወጣ ኮሪደሩ ጥግ ቆማ አለቀሰች። የንዴት እንባ እንጂ የኀዘን አልነበረም፤ እንዲህ ያለው እንባ ዓይንን ያቃጥላል።

በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ መምህሩ፣ "የተሰናበቱት ወደ ፊት ይውጡና ከስንብታቸው የተማሩትን ያካፍሉን" አለ። አምስቱ ወጥተው ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተሰለፉ። የመጀመሪያው ንግግር የሚይዘው ልጅ ነበር፤ "ወ-ወደፊት እተጋለሁ" ለማለት ብዙ ጊዜ ወሰደበት፣ ከኋላ የሳቁም ነበሩ። ሁለተኛው ሌሊት ጥበቃ እየሠራ ቀን የሚማር ነው። ሦስተኛዋ የሚጠባ ልጅ እቤት ትታ የምትመጣ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጥ ሴት። አራተኛው ከሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ የመጣ፣ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጓደኛ የሌለው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው "እተጋለሁ፣ አሻሽላለሁ" አሉ። መርፌ አንድ በአንድ ስታያቸው ነገሩ ገባት።

"እኔ የተማርኩትን ልናገር" አለች ተራዋ ሲደርስ። "እዩን እስቲ። እዚህ የቆመ ሰነፍ አለ? ሥራ አስኪያጆቹ ሰነፍ አልፈለጉም። የማይጮህ ፈለጉ። ቢበደል 'ለምን' ብሎ የሚቆምለት ሰው የሌለውን ፈለጉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ! እርስዎም 'ግሩም' ብለው ነጥብ ሰጡበት። ይህ ነው የአመራር መግቢያው? መውጫውስ ምን ሊሆን ነው?"

መምህሩ ፈገግታውን አልጣለም፤ ክርክር የሚወድ ሰው ነው፣ በተለይ እሱ የማይነካበትን። ወደ ዋናው ዞረ። "ሥራ አስኪያጅ ውሳኔውን በሰው ፊት መከላከል አለበት። ለምን እሷን መረጥክ?"

"የዕዝ ሰንሰለቱን..."

"እሱን አንብበኸዋል። ሌላ?"

ዋናው ክራባቱን ላላ አደረገ። ግንባሩ አልቦታል። "ዝም ትላለች ብዬ ነዋ!" አለ በመጨረሻ፣ እንደ መጮህ ብሎ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መርፌ አልሳቀችም።

"ይህ ምክንያት አይሆንም" አለ መምህሩ ሳቁ ሲበርድ። "ውሳኔው ተሽሯል፤ ነጥብሽ ሙሉ ነው። ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው፤ በእሷ ምትክ የሚሰናበተው ማነው?"

ዋናው ወደ ቡድኑ ተመለከተ። ረጅሙ እጁን አጣምሮ አፈጠጠበት። ባለ መነጽሯ ቅንድቧን ሰቀለች። ዋናው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ርግቢት ደብተሯን ወደ ቦርሳዋ ማስገባት ጀመረች። ማንም ስሟን አልጠራም። ብቻ ዓይኖች ወደ እሷ ሲመጡ ተሰማት፣ ስለለመደችው ተነሳች።

እውነት መነገር ካለበት፣ መርፌ ለአንዲት አፍታ ደስ ብሏት ነበር። ነጥቧ ተመልሷል፣ ሻንጣው ቀርቷል፣ አባቷ አይሰማም። ደስታው ጉሮሮዋ ላይ እንዳለ የርግቢትን ጎንበስ ያለ ጀርባ አየችና በራሷ ተናደደች፤ በመምህሩና በዋናው ከተናደደችው ይልቅ።

"ተቀመጪ!" አለቻት። "ማን ጠራሽና ነው የምትነሺው?"

ርግቢት ቦርሳዋን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች።

"ነጥቡን አልወስድም፣ መምህር" አለች መርፌ።

"ይህ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ..."

"አውቃለሁ፤ ከኮሌጁ መውጣት ማለት ነው። ግን ሥልጣንና ኃላፊነት አብረው ይሄዳሉ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ደንቡን ያወጡት እርስዎ፣ ውሳኔውን የሻሩት እርስዎ፣ ምትክ አምጡ ያሉት እርስዎ። ስለምን በእነዚህ ልጆች እጅ ነጥብ ያስቆርጣሉ? ካሰናበቱኝ ራስዎ ያሰናብቱኝ። እዚሁ፣ ሁሉም እያየ፣ በራስዎ እጅ ይጻፉት።"

የመምህሩ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነነ። ክፍሉን ተመለከተ፤ ክፍሉ እሱን ይመለከታል። ወደ ኋላ ማለት ለሥልጣኑ አልመጥን አለው መሰለኝ፣ የውጤት መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ፣ ብዕሩን ከፈተ፣ ጎንበስ አለ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ፈለገ፤ ገጹን ገለበጠ፤ መልሶ ገለበጠ።

አንገቱን ቀና ሳያደርግ፣ "ስምሽ... ማን ነበር?" አለ።

በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም።