ሶልብሪስን ያገኘቻት

ሃልዲስ የጀልባዋን ሞተር አጥፍታ አረፋ መከታተል ከጀመረች ሃያ ደቂቃ ሆኗታል። ባሕሩ ሁለት ቦታ ይፈላል፤ አንዱ የባሏ የኤይቪን፣ ሌላው አብራው የጠለቀችው የሱኒቫ እስትንፋስ ነው። እያየቻቸው ሁለቱ አረፋዎች ተጠጋጉ፣ ተቀላቀሉ። ፊቷን ወደ ዳርቻው አዞረች።

ሠላሳ ሁለት ሜትር ታች ሶልብሪስ ተኝታለች፤ ጨውና የዓሣ በርሜል ጭና ስትሄድ ከዐለት ተላትማ የሰመጠች አሮጌ የጭነት መርከብ። ያገኘቻት ሃልዲስ ናት። መረባቸው የት የት እንደሚቀደድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን ስትጠይቅ ሁለት ክረምት ፈጅታለች። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ከኤይቪን ጋር ጠለቀች። ባለፈው መጋቢት ግን የጆሮዋ ታምቡር ተቀደደ፤ ሐኪሙም «ከእንግዲህ ባሕሩን ከላይ ሆነሽ ነው የምታይው» አላት። ወር ሳይሞላ ኤይቪን አዲስ የመጥለቅ ጓደኛ አገኘ፤ ሱኒቫን፣ ጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ፣ ስትስቅ ድዷ የሚታይ የሠላሳ ዓመት ሴት።

ድንገት አንደኛው አረፋ ጠፋ።

ሃልዲስ ተነሳች። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሬዲዮውን አነሳች። «የተረፈው የኤይቪን ይሁን» ብላ መመኘቷን ልብ አለች። ምኞቱ ለሱኒቫ ምን ማለት እንደሆነ ሲገባት ከጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ ብላ ውሃውን አተኩራ አየች።

በአራተኛው ደቂቃ አረፋው ተመለሰ። ቆየት ብሎ ሁለት ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ገባች!» አለ ኤይቪን፣ አፉ ነጻ እንደወጣ። «የካፒቴኑ ክፍል ገባች! አንቺን እንቢ ያለሽ መስኮት እኮ ነው!»

«ትከሻዋ ጠባብ ነዋ» አለች ሃልዲስ። ወደ ሱኒቫ ዞራም፣ «አረፋሽ ጠፍቶ ነበር» አለቻት።

«የክፍሉ ጣሪያ ይዞት ነው» አለች ሱኒቫ መሰላሉ ላይ ተንጠልጥላ። «እናቴ ትሙት፣ የእጅ መታጠቢያው እንዳለ ነው! የሳሙና ማስቀመጫው ሳይቀር!»

ሃልዲስ የአየር ሲሊንደሯን ተቀብላ ወለሉ ላይ ጓ አደረገችው። ኤይቪን ልብስ ሊቀይር ወደ ውስጥ ሲገባ ሱኒቫ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተቀይመሽኛል አይደል? በእሱ ከሆነ እኔ እጮኛ አለኝ። ባልሽ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ውሃ ውስጥም ያንኮራፋል።»

ሃልዲስ ሳቅ አመለጣት። «ከፈለግሽ እሱን ውሰጂው» አለች። «ልሰጥሽ ያልቻልኩት መርከቧን ነው። የእኔ ነበረች።»

ሱኒቫ ጓንቷን አወለቀች። «ቅዳሜ የሞተር ክፍሉን ልንሞክር ነበር፣ በግራው በር። አትሂጂ ካልሽኝ እቀራለሁ።»

በግራው በር ላይ ዝገት የበላው የብረት መሰላል ተንጠልጥሏል። ሌላ መግቢያ እንዳለ የምታውቀው ሃልዲስ ብቻ ናት። ኤይቪን ጉንፋን ይዞት ጀልባ ላይ የቀረ ቀን ብቻዋን ገብታበታለች፤ ለእሱም አልነገረችውም። አሁን «አትሂጂ» ብትል ማንም አይፈርድባትም፤ ክፍሉም የእሷ እንደሆነ ይቀራል።

«በግራው አትግቢ፣ መሰላሉ ይወድቅብሻል» አለች በመጨረሻ። «ከጭስ ማውጫው ኋላ የጣሪያ መስኮት አለ። ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ ደለሉን እንዳትነኪው፤ ውሃው ይደፈርስብሻል። ኤይቪን በዚያ አያልፍም፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቅሽ።»

«ምንድን ነው የምታወሩት?» አለ ኤይቪን ከውስጥ።

«ምንም!» አለችው። ከዚያ ወደ ሱኒቫ ጠጋ ብላ፣ «ስትወጪ ግን ያየሽውን መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትነግሪው» አለቻት። «ከእሱ በፊት።»