ከድስቱ ሥር የተለጠፈው ልደት

«ይሄኛው ደሞ የማን ነው?» አለች አክስት ኦፓል፣ የመስታወት ትሪውን ገልብጣ ሥሩን እያየች። «አንብቢልኝ የኔ ማር፤ የሬሳ ሳጥን ስንመርጥ መነጽሬን እዚያው ረስቼዋለሁ።»

ማርሊ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና ውስጥ ነበር። ከትሪው ሥር የተለጠፈውን፣ የባለቤቱ ስም የተጻፈበትን ነጭ ፕላስተር አየችና «ፕሪቸት» አለች።

«በይ እንዳትሰብሪባት! የዛሬ ሃያ ዓመት የሰበርኩባትን ጎድጓዳ ሳህን እስካሁን ታነሳብኛለች። ዶሮዋ ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጨው የሆነው? ዶይል ራሱ ቢቀምሰው ውሃ ብሎ ይነሳ ነበር!»

ሳሎን ያሉት ለቅሶ ደራሾች ሰምተው ሳቁ። ከዚያ ዶይል እንደማይነሳ ሁሉም ትዝ አላቸው መሰለኝ ቤቱ ጭጭ አለ።

ዶይል ረትሊጅ የማርሊ አባት ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ የከብት መኖ መሸጫው በር ላይ፣ ፒክአፑ ውስጥ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለች። ሞተሩ እንኳን አልጠፋም ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ! ዛሬ ዓርብ ነው፣ ቀብሩ ነገ ነው፣ ማርሊ ደግሞ አንድ እንባ አላወጣችም። አንድም! ሰው ሁሉ «ደንግጣ ነው ምስኪን» ይላል። ደንግጣ አይደለም። አባቷን ካኮረፈችው ሦስት ወር ሆኗታል፣ እና የሞተው ማን እንደሆነ አታውቅም። ማለት፣ ጥሩ ሰው ነው የሞተው? ወይስ ያ ስልክ ላይ ያየችው ሰውዬ?

«ማርሊ» አሉ ፓስተሩ፣ ኩሽናው በር ላይ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። «ነገ ስለ አባትሽ ሁለት ቃል ትያለሽ አይደል? ልጁ አንቺ ብቻ ነሽ። ሕዝቡ ይጠብቃል።»

«እ… እሺ» አለች ማርሊ። ሌላ ምን ትላለች?

ከሳሎን የአንድ ሰው ልቅሶ ይሰማ ነበር፣ ከሁሉም ጎልቶ። አጎት ሶኒ ነው። የአባቷ የአጎት ልጅ፣ የቤተክርስቲያኑ አውቶቡስ ሹፌር፣ ማርሊን ኩሬው ውስጥ እየወረወረ ዋና ያስተማራት፣ በዓለም ላይ የምትወደው አጎቷ። እሱ እንደዚያ ሲያለቅስ እሷ የፕሪቸትን ትሪ ትፈትጋለች። ምን ዓይነት ልጅ ናት?

ነገሩ የጀመረው የካቲት ላይ፣ ትምህርት ቤት፣ ምሳ ሰዓት ነው። ኬይሊን የምትባል ጓደኛዋ የሰው ስም ስታስገቢበት «ታስሮ ያውቃል ወይ» የሚል ድረ ገጽ አገኘች፣ በነጻ። በቃ ጨዋታ ሆነ! የሂሳብ አስተማሪያቸውን አዩ፤ የፍጥነት ቅጣት። የኬይሊንን እናት አዩ፤ ምንም። «ያንቺን አባት እንየው፣ እሱማ መልአክ ነው» አለች ኬይሊን። ዶይል ረትሊጅ፣ ሃርሎው ካውንቲ። ስልኩ ትንሽ አሰበና አመጣው። 1996፣ ከባድ ዝርፊያ፣ አንዲት የሰባ ስምንት ዓመት አሮጊት ቤቷ ውስጥ ተደብድባ፣ ጥፋተኛ፣ ስድስት ዓመት እስር።

ማንም አልሳቀም። ኬይሊን ስልኩን ገለበጠችው።

ያን ዕለት አባቷ ሊወስዳት ሲመጣ ማርሊ ፒክአፑ ውስጥ ገብታ በሩን እንኳን ሳትዘጋ ጮኸችበት። «አሮጊት ደብድበሃል! አሮጊት!» ዶይል ሞተሩን አጠፋ። እጁን መሪው ላይ አደረገ። ከዚያ፣

«ፍርድ ቤት ሂጂ» አላት። «ስልክሽን ተይው። መዝገብ ቤት ገብተሽ ፋይሉን አይተሽ ነይ።»

«አንተ ለምን አትነግረኝም? አላደረግኩም በለኛ!»

«አላደረግኩም።»

«ታዲያ ማን ነው? ስምህ ነው እኮ ያለው!»

እሱን አልመለሰም። ማርሊም በቃ፣ ውሸቱን ነው አለች። እናቷን ትዊላን ጠየቀቻት፤ ትዊላ ፊቷን አዙራ «አባትሽን ጠይቂ» አለች። ይሄ ምን ይባላል? ፍርድ ቤቱ ከቤታቸው አስራ አምስት ደቂቃ ነው። ለምን አልሄደችም? ስለፈራች። እውነት ቢሆንስ? ካልሄደች ግማሽ አባት አላት፤ ከሄደች ምናልባት ምንም። እንዲህ ብላ ነው ሦስት ወር ሙሉ እራት ሰዓት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ የበላችው። ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ለቁርሷ ሁለት ትንንሽ ዳቦ በአሳማ ሥጋ በፎጣ ጠቅልሎ ትቶላት ነበር። ለውሻው ሰጠችው። ውሻው በልቶ ሳይጨርስ ነው አባቷ የሞተው።

አሁን የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስምንት ተኩል። መዝገብ ቤቱ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ነገና እሁድ ደግሞ አይከፈትም። ነገ ሕዝብ ፊት ቆማ አፏን ልትከፍት ነው፣ እና ምን ብላ?

«አክስቴ፣ በረዶ አልቋል፣ ገዝቼ ልምጣ» አለች፤ እጇን ሳታደርቅ ቁልፉን አነሳች።

ፒክአፑ እሱን እሱን ይሸታል፣ የመጋዝ ብናኝና ከረሜላ። ወንበሩ ወደ ኋላ የተለቀቀው ለእሱ እግር ነው። ማርሊ አላስተካከለችውም፤ ጫፉ ላይ ተቀምጣ ነዳችው።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበሩ፣ ወይዘሮ ቨርና፣ ወረቀት እየመቱ።

«የአንድ ሰው መዝገብ ፈልጌ ነበር» አለች ማርሊ።

«ስም?»

«ዶይል ረትሊጅ።»

የሴትዮዋ እጅ ቆመ። «ልደት?»

«ምን?»

«የልደት ቀን የኔ ልጅ። ስልክ ላይ አይተሽ ነው አይደል የመጣሽው? ሁላችሁም እንደዚያ ናችሁ። እነዚያ ሰዎች ከየካውንቲው ስም ይለቅማሉ፣ ልደት አያዩ፣ ፋይል አይገልጡ! እዚህ በስም ብቻ የፈለገ ሰው የሌላውን ኃጢአት ተሸክሞ ነው የሚወጣው።»

ማርሊ የልደቱን ቀን ለማስታወስ ማሰብ እንኳን አላስፈለጋትም። አባቷ ስሙን በጻፈበት ሁሉ አብሮ ይጽፈዋል እኮ! መዶሻው ላይ፣ የዓሣ መረቡ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ፣ ለሰው ለቅሶ ባቄላ የሚያመላልስበት ሰማያዊ ድስት ሥር ሳይቀር። «አባ፣ ድስቱ ልደት ሊያከብር ነው?» ብላ ስቃበታለች። እሱም ስቆ «ይቀየርብኛል» ብሏል።

«ማርች ዘጠኝ፣ ሰባ አንድ» አለች።

ወይዘሮ ቨርና ቀና ብለው መነጽራቸውን አደረጉ። «አንቺ ማርሊ ነሽ እንዴ?»

መሳቢያ ሳቡ። ፖስታ አወጡ። ላዩ ላይ በአባቷ ትልልቅ ፊደል «ለማርሊ» ይላል።

«አባትሽ ሥራ በቀየረ ቁጥር ይሄን ወረቀት ያስመታ ነበር። አስራ አንድ ጊዜ ማኅተም አድርጌለታለሁ፣ ቆጥሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት መጣና "ይሄኛው ለአሠሪ አይደለም ቨርና፣ አሳምሪው፣ ለልጄ ነው" አለኝ። ማኅተሙን ዳኛው ነበር የያዙት፣ ማክሰኞ ከሰዓት ና አልኩት።»

ማክሰኞ ከሰዓት። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ ንጹሕ የነበረውን።

ወረቀቱ ሦስት መስመር ነው። ዶይል ረትሊጅ፣ ልደት 3-9-71፣ በዚህ ካውንቲ ፍርድ ቤቶች ምንም ዓይነት የወንጀል መዝገብ የለበትም። ማኅተም። በቃ!

እዚያ ላይ ትታ መሄድ ትችል ነበር። አባቷም ያን ነው የፈለገው፤ ወረቀቱ እሱን ያነጻል፣ ማንንም አይጠራም። ማርሊ ግን እግሯ እምቢ አለ። «የ1996ቱን ፋይል ማየት እችላለሁ?»

«ልጄ፣ ወረቀትሽን ይዘሽ ወደ ለቅሶሽ ግቢ።»

«ማየት ይፈቀዳል ወይ?»

ወይዘሮ ቨርና ተነፈሱ። «ማንም ሰው ማየት ይችላል። ሕጉ ነው።» ወደ ምድር ቤት ወርደው ዳሩ የተበላ ካኪ ፋይል ይዘው መጡ። የመጀመሪያው ገጽ፣ ሦስተኛው መስመር። ተከሳሽ፣ ዶይል ረትሊጅ፣ ልደት 11-2-70፣ ሰፈር የሚታወቅበት ስም፣ ሶኒ።

ሶኒ።

የዶይልና የሶኒ አባቶች፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ በስድስት ወር ውስጥ ወንድ ልጅ ወልደው ሁለቱም በአባታቸው ስም ጠሯቸው፤ የሟች አያት ስም እንዲጠፋ የሚፈልግ ማን አለ? እንዳይምታታ ደግሞ አንደኛውን ገና በዳይፐሩ ሶኒ አሉት፣ እና ሕዝቡ ሁሉ ሶኒ እንዳለው ቀረ። ማርሊ በአስራ ስድስት ዓመቷ ሶኒ የሚባለው ሰው የወረቀት ስም ይኖረዋል ብላ አስባ አታውቅም። ማን ያስባል?

በረዶ ሳትገዛ ተመለሰች። ማንም አልጠየቃትም። በቀጥታ እናቷ ጋ ገባች፤ ትዊላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዶይል ነገ የሚለብሰውን ሸሚዝ በእጇ እያለሰለሰች ነው።

«ታውቂ ነበር» አለች ማርሊ። ፖስታውን አየች ትዊላ።

«ቃል አስገብቶኝ ነው።»

«ለምን? እማ፣ ለምን?»

«ሶኒን ስለምትወጂው።» ድምፅዋ እንደ ወረቀት ሳስቷል። «ለምኜዋለሁ እኮ፣ ንገራት ብዬ። "ሶኒ እስሩን ጨርሷል፣ ሚስቱን ከቀበረ ወር አልሞላውም፣ ይቺን ልጅ ደሞ አልቀማውም" አለኝ። "እኔን ብትጠላኝ አባቷ ነኝ፣ የት ትሄዳለች? ትመለሳለች" አለ። ጊዜ አለኝ ብሎ ነው ማርሊ። ጊዜ አለኝ ብሎ።»

ማርሊ ወደ ኩሽና ወጣች፣ ሌላ የት ትሄዳለች?

አጎት ሶኒ የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ድስት አቅፏል።

«የኔ ዓሣ» አላት፣ ከኩሬው ጊዜ ጀምሮ እንደሚጠራት። «ይሄን ሳልመልስ ቀረሁ። ለሚስቴ ለቅሶ ባቄላ ያመጣበት ነው። ነገ ዛሬ ስል…» ከዚያ በእጇ ያለውን ፖስታ አየ፣ የፍርድ ቤቱን ማኅተም። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ወረደ።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ፋይሉን?»

«አዎ።»

«እነግራታለሁ አልኩት» አለ ሶኒ፣ በሹክሹክታ፣ ሳሎን እንዳይሰማ። «በየካቲትም አልኩት፣ በመጋቢትም አልኩት። እሱ "ተው" ሲለኝ ግን… ደስ አለኝ ማርሊ። እግዜር ይየኝ፣ ደስ አለኝ።»

ልትጮህበት ትችል ነበር። ልታቅፈውም። ሁለቱንም ፈለገች፣ በአንድ ጊዜ፣ ሁለቱም ምን ይጠቅማል? ማንኛቸውም አንዲት ቁርስ እንኳን አይመልሱም። እጇን ዘርግታ ድስቱን ተቀበለችው። ሶኒ ባርኔጣውን አድርጎ በጓሮ በር ወጣ፣ ማንንም ሳይሰናበት።

«ማን ነበር?» አለች አክስት ኦፓል ከሳሎን። «ዕቃ ነው? በይ እጠቢና ስሙን አንብበሽ በሩ ጋ ካሉት ጋ ደርድሪ። ከቀብር በኋላ ለየባለቤቱ ይመለሳል፣ የሰው ዕቃ እዚህ አይቅርብን።»

«እሺ አክስቴ።»

ማርሊ ድስቱን አጠበች። ውስጡ ንጹሕ ነበር፣ ሶኒ አጥቦት ነው የመጣው፤ እሷ ግን ደግማ አጠበችው፣ ሁለቴ፣ ቀስ ብላ፣ ሥሩን ውሃ ሳታስነካ። ገለበጠችው። ፕላስተሩ ጠርዙ ላይ ተነስቷል። ዶይል ረትሊጅ 3-9-71። አንድ የሳሙና ጠብታ ወደ ሰባቱ እየወረደች ነበር፤ በጣቷ ጫፍ ያዘቻት። የተነሳውን ጠርዝ ተጫነችው፣ እስኪጣበቅ።

ከዚያ ወስዳ በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ በፕሪቸት ትሪ አጠገብ፣ ባለቤታቸውን ከሚጠብቁት ዕቃዎች መሃል፣ ስሙ እንዲታይ ደፍታ አስቀመጠችው።