ሳልሞት የተጣለ ድንኳን

እኔ ዳምጠው፣ ሞተረኛው፣ ሞቼ አላውቅም። ሞተ ያለኝ ጎረቤቴ ይርጉ ነው። ያውም ባለፈው ሳምንት አሌክስ የሚባል አስተማሪ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ መጥቶ፣ የፌስቡክ ወሬ እንዴት እንደሚጣራ ሲያስተምረን፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ የነበረው ይርጉ!

ቡና ነጋዴ ኢዲዶ ገጠር አድርሼ ስመለስ፣ ይርጋጨፌ ላይ ኔትወርክ ገባ። ስልኬ አበደ። ስከፍተው ይርጉ የለጠፈው የተገለበጠ ቀይ ሞተር፤ ከስሩ «ወንድማችን ዳምጠው በመኪና ተገጭቶ አረፈ። ነፍስ ይማር።» የሞተሩ ኋላ ላይ እንደኔው የአንበሳ ስቲከር አለ፤ በሱ ነው ያወቀኝ። ዲላ ያለ ሞተረኛ ሁሉ ያንን አንበሳ ለጥፎ የለም እንዴ? ሀሌሉያ የምትባለው፣ በቁሜ ሰላም የማትለኝ ልጅማ፣ «ልቤ ተሰበረ» ብላለች።

ወዲያው ራሴን ፎቶ አንስቼ «አለሁ፣ እናንተ ደነዞች!» ብዬ ለጠፍኩ። ይርጉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ወገኖች፣ ፎቶው የድሮ ነው። አካውንቱን የሰረቀ ሰው ነው የለጠፈው። አሌክስ እንዳስተማረን እናጣራ።»

አሁን ነው የምታጣራው?

እሱስ ይሁን። እማዬ ግን ደም ግፊት አለባት። ስደውል አታነሳም። ወደ ሰፈራችን ዱመርሶ በረርኩ።

ስደርስ የእድሩ ድንኳን ተጥሏል። ካስማ የሚመታው ማን ነው? ይርጉ! ሲያየኝ መዶሻው ከእጁ ወደቀ።

«ዳሜ... ደውዬ ነበር እኮ፣ ዝግ ነው አለኝ።»

«ስልኩ የተዘጋ ሁሉ ሞቷል?»

«ሰው ሁሉ ሼር ሲያደርገው...»

«ሰው ሁሉ ካንተ ነው የወሰደው፣ አንተ ጅል!»

ገፍቼው ገባሁ። እማዬን ሴቶች ይዘዋታል። ደረቷን ስትደቃ ውላ ድምጿ ጠፍቷል። ፊቴን፣ ክንዴን፣ ጉልበቴን ዳሰሰችኝ። ማልቀስ እንኳን አቃታት። እኔም ቀልዴ ጠፋኝ።

ይርጉ ከኋላዬ መጥቶ «ይቅርታ፣ የለጠፍኩትን አሁን አጠፋዋለሁ» አለና ስልኩን አወጣ።

«አስቀምጠው! ለቀስተኛው እየሰማ፣ በአፍህ ተናገር! ለእሷ!»

ድንኳኑ መሃል ቆመ። «እማማ ወርቂቱ... ፎቶ ነው ያየሁት። ማን እንዳነሳው አልጠየቅኩም። ሞተ ያልኩት እኔ ነኝ።»

እማዬ በዚያ በሌላት ድምፅ፣ «አንተ ልጅ፣ ቤትህ ከቤቴ ጎን ነው። ዳምጠው የት ሄደ ብትለኝ ምን ነበረበት? ኢዲዶ ሄዷል፣ እዚያ ስልክ አይሰራም እልህ ነበር» አለችው።

እድርተኞቹ ካስማውን ሊነቅሉ ተነሱ።

«ተዉት» አልኩ። «ይርጉ ብቻውን ይንቀለው።»